አረሩ ሲደርስ ስንት ይሮጣል?

ግልጽ ደብዳቤ፦ በቨርጂኒያና በአጎራባች ግዛቶች ለምትገኙ አማርኛ ተናጋሪ የአጋዘን አዳኞች

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

በቨርጂኒያ የጠመንጃ አደን የሚከፈተው በፈረንጆቹ ኖቬምበር አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ገደማ ነው። ከመክፈቻው በፊት እንደ ወትሮው ተኩስ መለማመጃው ሜዳ ላይ እንገናኛለን። ጠመንጃ ይገመገማል፣ የመነጽሩ ዋጋ ይነገራል፣ ከዚያ ያው የተለመደው ጥያቄ ይመጣል፦ «ያንተኛው ስንት ያርድ ይመታል?» ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ጥያቄው እንዲለወጥ ለመለመን ነው። ጠመንጃ ሁሉ ሩቅ ይመታል። ተራ የሚባለው .308 እንኳ አረሩን የሚያግደው ነገር ካላገኘ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይልከዋል። ለአጋዘኑም ለእኛም ቁም ነገሩ አረሩ እዚያ ሲደርስ የቀረው ፍጥነት ነው። ይህን ሳያውቅ ቃታ የሚስብ ሰው፣ ዒላማውን ቢያገኝ እንኳ፣ እንስሳውን አቁስሎ ሊያመልጠው ይችላል።

ብዙዎቻችን ጠመንጃን ያወቅነው አገር ቤት ነው፤ አያት ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት ምንሽር ወይም ሚሊሻ ትከሻ ላይ ካየነው ክላሽ። የእነዚህ ጥይት የጦር ጥይት ነው። እርሳሱ እስከ አፍንጫው በጠንካራ ብረት ስለተለበጠ ሥጋ ውስጥ ገብቶም ቅርጹን ይይዛል። በ1899 የሄግ ጉባኤ ያወጣው መግለጫ በሰው አካል ውስጥ የሚከፈት ወይም የሚጠፈጠፍ አረር በጦርነት ላይ እንዳይተኮስ ከልክሏል። አደን የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ኮሎራዶ ለምሳሌ አጋዘን በሚከፈት አረር ብቻ እንዲታደን በደንብ ደንግጋለች። የሚከፈተው አረር ሳንባና ልብ ላይ ሰፊ መንገድ አበጅቶ ደሙን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ያፈስሰዋል፤ አንጎሉ ደም ያጣ እንስሳም ቶሎ ይወድቃል። የማይከፈተው በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ በጠባብ ቀዳዳ ይወጣል። እንስሳው ሩቅ ይሮጣል፤ ዱካውም አይገኝም፤ ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ቀስ ብሎ ይሞታል። እናም የክላሽ ጥይት ርካሽ ነው ብላችሁ የጦሩን ዓይነት ይዛችሁ ጫካ አትግቡ። ለዚያው ጠመንጃ አፍንጫው ለስላሳ የሆነ የአደን ጥይት በየሱቁ አለ።

የአደን አረር አንዳንዱ አፍንጫው ላይ እርሳሱ ይጋለጣል፣ አንዳንዱ የፕላስቲክ ጫፍ ይደረግለታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከመዳብ ብቻ ተሠርቶ ጫፉ ይቦረቦራል። ሦስቱም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው። በፍጥነት የሚከንፈው አረር እርጥብ ሥጋ ሲገጥመው አፍንጫው ላይ ከባድ ግፊት ያርፍበታል። ግፊቱ ጫፉን ቀድዶ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል፤ አረሩም እንደ እንጉዳይ ይከፈታል። ውፍረቱ 7.8 ሚሊ ሜትር የነበረው የ.308 አረር በደንብ ሲከፈት ወደ እጥፉ ይጠጋል። ግፊቱን የሚፈጥረው ፍጥነት ስለሆነ ፋብሪካው እያንዳንዱን አረር ለተወሰነ የፍጥነት ክልል ይሠራዋል። ከክልሉ ወለል በታች አረሩ ሳይከፈት ያልፋል፤ ከጣሪያው በላይ ደግሞ ጥልቅ ሳይገባ ይበታተናል።

በሰፊው ከሚሸጡት ጥይቶች አንዱን፣ የሬሚንግተን ኮር-ሎክት ባለ150 ግሬኑን .308፣ እንውሰድ። በፋብሪካው ሠንጠረዥ መሠረት አረሩ ከአፈሙዝ የሚወጣው በሰከንድ 2,820 ጫማ ነው፤ 860 ሜትር ማለት ነው። 100 ያርድ ላይ 2,533 ይቀረዋል፤ 200 ላይ 2,263፤ 300 ላይ 2,009፤ 400 ላይ 1,774፤ 500 ላይ 1,560። ብዙዎቹ የአደን አረሮች በቅጡ ለመከፈት 1,800 ጫማ በሰከንድ ገደማ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ይህን ጥይት የያዘ ሰው 400 ያርድ ላይ ሲተኩስ አረሩ የመክፈቻ ፍጥነቱን ጨርሶ ነው የሚደርሰው። ጉልበቱም እንዲሁ ነው፤ አፈሙዝ ላይ 2,648 ጫማ-ፓውንድ የነበረው 400 ያርድ ላይ ወደ 1,048 ይወርዳል።

ሠንጠረዡ የተሠራው ደግሞ 24 ኢንች ርዝመት ባለው በርሜል ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንገዛው በርሜል ከዚያ ያጥራል፤ ባጠረ በእያንዳንዱ ኢንች ከ20 እስከ 30 ጫማ በሰከንድ ያህል ይታጣል። በ18 ኢንች በርሜል የተተኮሰው ያው ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ ፍጥነቱ ወደ 2,670 ይጠጋል። ይህ ረጅሙ በርሜል 50 ያርድ ላይ ካለው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። 1,800 የምትለዋ ወለልም ከ390 ያርድ ወደ 340 ገደማ ትቀርባለች። ሻጩ ስለ ቅለቱ ሲያወራላችሁ ይህን አይነግራችሁም።

አሁን ክላሹን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ባለ125 ግሬኑ የአደን ጥይት ከአፈሙዝ በ2,365 ይነሳል፤ 100 ያርድ ላይ 2,062 ይሆናል፤ 200 ላይ 1,783። .308 በ400 ያርድ የደረሰበትን ድካም ክላሹ በግማሹ መንገድ ይደርስበታል ማለት ነው። .30-30 የሚባለው፣ ከ1895 ጀምሮ በዚህ አገር ጫካ ስንት አጋዘን የጣለው ጥይት፣ ከዚህም ይፈጥናል ማለት አይቻልም፤ በ2,390 ተነስቶ 200 ያርድ ላይ 1,605 ይቀረዋል። ስሙን ያተረፈው በቅርብ ርቀት ስለሚተኮስና አረሩ ለዝቅተኛ ፍጥነት እንዲስማማ ለስላሳ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። በአንጻሩ ቀጭኑ .243 ባለ100 ግሬን አረሩን 400 ያርድ ላይ እንኳ በ1,993 ያደርሰዋል። ለዚህ ነው በጥይት ውፍረት መፎካከር ብዙ ትርጉም የማይኖረው። ወፍራሙም ቀጭኑም የራሱ ወሰን አለው፤ ወሰኑን የሚናገረውም ካርቶኑ ላይ ያለው የፍጥነት ሠንጠረዥ ነው።

እስካሁን ስለ ሩቁ አወራሁ፤ በቨርጂኒያ ጥቅጥቅ ጫካ ግን አብዛኛው ዕድል የሚገኘው ከ100 ያርድ ባነሰ ርቀት ነው። «ቅርብ ከሆነማ ምን ችግር አለ?» የሚል አይጠፋም። ችግሩ የሚመጣው ከጣሪያው በኩል ነው። በማግነም ጠመንጃ ከ3,000 ጫማ በሰከንድ በላይ የሚነሳ፣ ቶሎ እንዲከፈት በስስ የተሠራ አረር 20 ያርድ ላይ የወርች አጥንት ቢያገኝ እዚያው ሊፈረካከስ ይችላል። ላዩ ላይ የሚያስፈራ ሰፊ ቁስል ይተዋል፤ ሳንባው ግን ሳይነካ ይቀራል። ጆን ኖዝለር የተባለው አሜሪካዊ በ1946 በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የገጠመው ይኸው ነው። በ.300 ማግነም የተኮሰው አረር ጭቃ የደረቀበትን የሙስ ቆዳና ትከሻ አልፎ ጥልቅ መግባት አቃተው። ሙስ ከአጋዘን ወገን ትልቁ ነው። ኖዝለር ከዚያ በኋላ በመሐሉ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ፤ የፊቱ እርሳስ ይከፈታል፣ የኋላው ክብደቱን ይዞ ወደ ውስጥ ይነዳል። ፓርቲሽን የተባለው ይህ አረር ከ1948 ጀምሮ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ፋብሪካው የሰጠው የመክፈቻ ወለል 1,800 ጫማ በሰከንድ ነው፤ ከሩቅ ለሚተኩሱ ብሎ የሠራው ሌላ አረሩ ደግሞ በ1,300 እንዲከፈት ተደርጎ ተሠርቷል። ይህ ለስላሳው አረር በቅርብ አጥንት ላይ ሲያርፍ እንደ ፓርቲሽኑ አይጸናም። ለሁሉም ርቀት የሚሆን አረር የለም። ጫካ ውስጥ በ60 ያርድ የሚያድን ሰው የሜዳ አዳኙን ጥይት መግዛት አያስፈልገውም።

ከአረሩ ሥራ ቀጥሎ የእጃችን ሥራ አለ። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ 8 ኢንች፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መሐሉ ላይ አነጣጥረን ከ4 ኢንች በላይ ከሳትን ጨጓራ፣ እግር ወይም አየር ነው የምንመታው። ከላይ ያነሳሁት .308 200 ያርድ ላይ ቢስተካከል 300 ላይ ወደ 9 ኢንች ይወርዳል። ይህን መነጽሩ ያስተካክለዋል እንበል። ነፋሱንስ? በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ፣ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ ከጎን ቢመጣ ይህን አረር 100 ያርድ ላይ 1 ኢንች ያህል ይገፋዋል፤ 300 ላይ ወደ 10 ኢንች፤ 400 ላይ ከ19 በላይ። አረሩ 300 ያርድ ለመድረስ ከሰከንድ አንድ ሦስተኛ በላይ፣ 400 ለመድረስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። አጋዘን በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ እርምጃ ከተራመደ ሳንባ ላይ ያነጣጠርነው ጨጓራ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ፍጥነቱ በአጭሩ በርሜል እስከ 340 ያርድ ድረስ ቢፈቅድም እጃችንና ነፋሱ ከዚያ ቀድመው ያቆሙናል።

«ሕጉ ይፈቅዳል» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፤ የቨርጂኒያ ሕግ አጋዘንን ከ.23 ካሊበር ባነሰ ጠመንጃ ማደንን ይከለክላል፤ ብዙዎቻችን የያዝነው ከዚያ በላይ ነው። ኮሎራዶ ከዚህ ትጠብቃለች፤ ካሊበሩ ከ.24፣ የአረሩ ክብደት ከ70 ግሬን እንዳያንስ፣ 100 ያርድ ላይ ያለው ጉልበትም 1,000 ጫማ-ፓውንድ እንዲሞላ ትጠይቃለች። ጀርመን ለትንሿ አጋዘን 100 ሜትር ላይ 1,000 ጁል፣ ለትልልቆቹ 6.5 ሚሊ ሜትርና 2,000 ጁል ትላለች። ስኮትላንድ አፈሙዝ ላይ ያለውን ፍጥነትና ጉልበት ትለካለች። ልብ በሉ፤ አንዱ አፈሙዝ ላይ፣ ሌላው 100 ላይ ይለካል። ከእነዚህ ውስጥ 250 ወይም 300 ላይ የቆመውን አጋዘን የሚለካለት የለም። ከዚያ በኋላ ያለውን መለካት ለአዳኙ የተተወ ነው። በነገራችን ላይ በአንዳንድ የቨርጂኒያ አውራጃዎች ለአጋዘን የጥይት ጠመንጃ ጭራሽ ስለማይፈቀድ የአውራጃችሁን ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ።

የፍጥነት ነገር ጫካ ውስጥ አያልቅም፤ ገበታ ድረስ ይከተለናል። የእርሳስ አረር በከፍተኛ ፍጥነት ሲከፈት ይቆራረሳል፤ ስብርባሪው ዓይን ከሚያየው በላይ ደቃቅ ነው። በ2008 የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የበግ ሬሳ ላይ ተኩሶ በራጅ ሲያየው፣ ቶሎ የሚከፈቱት የእርሳስ አረሮች በአንድ ሬሳ በአማካይ ከ100 በላይ ስብርባሪ ትተው ተገኙ። ከቁስሉ 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ የተበተነ እርሳስ ነበር። የመዳብ አረር የተወው ከቁጥር የማይገባ ነው። በውኃ ማጠብም እርሳሱን ከማስወገድ ይልቅ አሰራጨው። በዚያው ዓመት ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ለችግረኞች ተለግሶ የነበረ የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ እርሳስ ተገኝቶበት እንዲወገድ ተደርጓል።

ይህ እኛን ከሌላው አዳኝ ይልቅ ይመለከተናል። አደኑ በተከፈተ በሳምንቱ ገደማ፣ ኅዳር 15፣ የነቢያት ጾም ይገባል። ጾመኛው ሥጋውን አሽጎ በረዶ ቤት ያስገባና ለገና ያወጣዋል፤ ያን ጊዜ የሚፈጨው፣ የሚከተፈው ብዙ ነው። ክትፎ በጣም የደቀቀ ሥጋ ስለሆነ ደቃቅ እርሳስ ቢኖርበት ጥርስ ሳያገኘው ወደ ሕፃናት ሆድ ይገባል። ለሕፃናት ደግሞ ደኅና የሚባል የእርሳስ መጠን የለም። ስለዚህ በእርሳስ አረር የምታድኑ ከቁስሉ ዙሪያ በሰፊው ቁረጡና ጣሉ፤ ደም የቋጠረውን ወርች «ያሳዝናል» ብላችሁ ወደ ክትፎው አታስገቡ። የዱር ሥጋን በጥሬው መብላት ሌላም አደጋ ስላለው ማብሰሉ ይሻላል። ወደ መዳብ የምትዞሩ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። መዳብ ከእርሳስ ስለሚጠነክር ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋል፤ ስለሚቀልም ረዘም ብሎ ይሠራል። ስለዚህ በዚያው ጠመንጃ ቀለል ያለውንና ፈጣኑን ምረጡ፤ ርቀታችሁንም አሳጥሩ። ስኮትላንድ በ2023 ዝቅተኛውን የአረር ክብደት ከ100 ወደ 80 ግሬን ያወረደችው እርሳስ ለሌለው አረር መንገድ ለመክፈት ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ የእርሳስ ጥይትን ከአደን ሙሉ በሙሉ አስወጥታለች።

ከተኩሱ በኋላ ስላለው ጥቂት ልበል። ልቡን ወይም ሳንባውን የተመታ አጋዘንም 100 ያርድ ሊሮጥ ይችላል። ሮጠ ማለት ሳትን ማለት አይደለም። አረሩ ዝግ ብሎ ደርሶ በደንብ ሳይከፈት ከቀረ ቀዳዳው ጠባብ ይሆናል፤ መሬት ላይ የሚፈሰው ደም ያንሳል፤ ያኔ ነው ብዙ ሰው «ስቻለሁ» ብሎ የሚመለሰው። ከመነሳታችሁ በፊት እንስሳው የቆመበትን ቦታ በዛፍ ወይም በድንጋይ ለዩ፤ ከዚያ ሄዳችሁ እዩ። ሐመር ቀይና አረፋ ያለው ደም የሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ተከተሉ። ጠቆር ያለው የጉበት ነው። አረንጓዴ ነገር የተቀላቀለበት የጨጓራ ነው፤ ለሰዓታት ካልታገሳችሁ ከተኛበት አስነስታችሁ ታጡታላችሁ። የቨርጂኒያ ሕግ የቆሰለን አጋዘን በገመድ በተያዘ ውሻ መፈለግን ይፈቅዳል፤ ውሻ ያለውን ሰው ስልክ ከአደኑ በፊት ያዙ። ርቀቱ በረዘመ ቁጥር ይህ ሁሉ ይከብዳል፤ 300 ያርድ ማዶ ያለ ቁጥቋጦ ደርሳችሁ ስታዩት ከሌላው ቁጥቋጦ አይለይም።

የእርድ ጉዳይም ይነሳል። ግዳዩ ነፍሱ ሳይወጣ ደርሶ መባረክ አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም አዳኝ የሃይማኖት አባቱን ወይም ሼኹን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ እኔ ፍርድ አልሰጥም። «ደርሼ እንዳርደው» ብሎ ሆን ብሎ ለማቁሰል ማነጣጠርን ግን እቃወማለሁ። እግሩ የተሰበረ ወይም ጨጓራው የተቀደደ አጋዘን አይጠብቃችሁም። ለማረድ የምትጓጉ ከሆነ መንገዱ መቅረብ ነው።

በአባቶቻችን ዘመን ለፉከራ ያበቃ የነበረው ዝሆን፣ አንበሳና ጎሽ ነበር፤ አዳኙ ራሱን ለአደጋ አጋልጦ ነው የሚመለሰው። ከግማሽ ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ሳር የሚግጥን አጋዘን መምታት ምንም አደጋ የለውም፤ አደጋው በሙሉ የእንስሳው ነው። የሩቅ ተኩስ ቪዲዮ ሲያሳዩን የተሳኩትን ነው የሚያሳዩን። ቆስለው የጠፉት አይቀረጹም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከመክፈቻው በፊት የጥይታችሁን ካርቶን ወይም የፋብሪካውን ሠንጠረዥ አንብቡ። የአረራችሁን የመክፈቻ ወለል ፈልጉ፤ ካላገኛችሁ 1,800 ብላችሁ ያዙ። በርሜላችሁ አጭር ከሆነ ቀንሱ። ፍጥነቱ ወለሉን የሚነካበት ያርድ የመጀመሪያው ቁጥራችሁ ነው። ሁለተኛውን ሜዳው ላይ ታገኙታላችሁ። 8 ኢንች የወረቀት ሳህን ስቀሉና ጠረጴዛ ላይ ሳትደገፉ፣ ጫካ ውስጥ እንደምትተኩሱት ተንበርክካችሁ ወይም ቆማችሁ ተኩሱ። አንድም ሳይወጣ ሁሉም ሳህኑ ውስጥ የሚያርፍበት የመጨረሻ ርቀት ሁለተኛው ቁጥር ነው። ከሁለቱ ትንሹን ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ሰደፉ ላይ ለጥፉ።

ነባሮቹ አዳኞች ደግሞ ለጀማሪ ጠመንጃ ስታስመርጡ ከሞዴሉና ከዋጋው በፊት ይህን አስተምሩት። የፈቃድ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ወስዶ ያለፈ ሰው ሁሉ የፍጥነት ሠንጠረዥ ማንበብ ይችላል ማለት አይደለም። ማኅበሮቻችንም ከአደኑ ወቅት በፊት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለዚህ ቢሰጡ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ጥቂት ካርቶን፣ ጥቂት ሳህንና ልምድ ያለው አንድ ሰው ይበቃል።

ሰደፉ ላይ ከጻፋችሁት ቁጥር ማዶ የቆመ አጋዘን፣ ቀንዱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የእናንተ ግዳይ አይደለም። ቀርባችሁ ተኩሱ፤ መቅረብ ካልቻላችሁ ተዉት።

መልካም የአደን ወቅት ይሁንላችሁ።

አክባሪ ወንድማችሁ፣
ከቨርጂኒያ